«ስኳሩ ስንት ነው?»

ኮሮና አዲስ አበባ መግባቱ የተነገረ ሰሞን፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ነካ። ሁሉም ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሳል፣ ትንሽ ቆይቶም ስለ ኦክስጅን ያወራ ነበር። «ስኳሩ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ወር ሁለት ወር ሳይቆይ ከቻይና ሁቤ ግዛት አንድ ጥናት ወጣ። በቫይረሱ ተይዘው ሆስፒታል የገቡ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመምተኞች የታዩበት ነው። የደም ስኳራቸው ከ180 ሳያልፍ የቆየው 282 ሰዎች ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ የነበረው 528 ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ አንድ ያህሉ ሞቱ። ከሁለተኛዎቹ ከመቶ 11።

እርግጥ ቁጥሩ ብቻውን ገዳዩ ስኳር ነው አያሰኝም። ሕመም የጠናበት ሰው ስኳሩም ይወጣል። ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይረጫል፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ደም ውስጥ ያፈሳል፤ ኢንሱሊንም እንደ ወትሮው አይሠራም። በዚህ ጊዜ ስኳር ኖሮበት የማያውቅ ሰው እንኳ ከ200 ሊያልፍ ይችላል። የወጣው ስኳር ደግሞ በተራው ነጭ የደም ሴሎችን ያዳክማል፣ በሽንት በኩል የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል ማለት ነው።

መድኃኒቱም ከዚህ ነፃ አይደለም። በ2020 አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ በተደረገው ትልቅ ሙከራ ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን የሚሞቱትን በሲሶ ቀነሰ። ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ። ስኳርን ግን ያወጣል። ስለዚህ ይህ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው አጠገብ የስኳር መለኪያ መኖር ነበረበት።

ወደ ቤት ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ታማሚ ጠያቂ ጭማቂና ለስላሳ ይዞ ይመጣል፤ «ኃይል ይሆንሃል» እያለ ማር በሻይ ያጠጣል። ሕመምተኛው በበኩሉ «እህል አልቀመስኩም፣ መርፌው ይጥለኛል» ብሎ ኢንሱሊኑን ያቆማል። ፍራቻው መሠረት አለው፣ ውሳኔው ግን አደገኛ ነው። የዓይነት አንድ ሕመምተኛ ኢንሱሊንን ፈጽሞ ካቆመ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ ይህም በራሱ ይገድላል። መጠኑን ሐኪም ይቀንሰዋል ወይም ይጨምረዋል እንጂ በጎረቤት ምክር አይቆምም።

በአፍሪካ ደግሞ ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት እንዳለባቸው አያውቁም። እነዚህ «ስኳር አለብህ?» ቢባሉ በሙሉ ልብ «የለብኝም» ነው መልሳቸው።

ይህ ሲባል ስኳርን በግድ መድፈቅ ይሻላል ማለትም አይደለም። በ2009 የታተመ፣ ከ6,000 በላይ የጽኑ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ይህንን አሳይቷል፤ ስኳራቸው ከ108 በታች እንዲሆን ከተደረጉት የሞቱት፣ ከ180 በታች መሆኑ ብቻ ከተጠበቀላቸው ይበልጡ ነበር።

እንግዲህ የሚፈለገው ተአምር አይደለም። ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሰው ካርድ ላይ ሙቀቱ፣ ግፊቱና ኦክስጅኑ ይጻፋል። ጣት ወግቶ በአንዲት ጠብታ ደም ስኳሩን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ያም «ስትሪፕ አልቋል፣ ውጪ አሠሩ» ካልተባለ ነው።