የጥልፍ ሠሪዋ ምክር

ምክር የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ወደ ከፍተኛው ወንበር ነው። እኛ ግን በዕድሜያችን ከሰማነው ምክር ሁሉ ይልቅ የጠቀመንን ያገኘነው ልደታ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም በማይርቅ አንድ የጭቃ ቤት፣ በጥልፍ ሥራ ከሚተዳደሩ አንዲት እናት ዘንድ ነው።

ጊዜው 1990ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነበር። በመምህርነት ተቀጥረን፣ ከእማማ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ማታ ማታ የተማሪዎቻችንን ደብተር አርመን ስንጨርስ ለራሳችን እንጽፋለን። በሦስት ዓመት አንድ ልብ ወለድ ስለ ጨረስን፣ በሲባጎ አስረን ለአንድ መሥሪያ ቤት አቀረብነው። ከአሥራ አንድ ወር በኋላ «ለኅትመት ብቁ ሆኖ አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰልን። እኛ ራሳችን የቋጠርነው ሲባጎ ግን እንደ ተቋጠረ ነበር፤ አልተፈታም።

እንግዲህ ጽሑፉን እናቃጥለዋለን ብለን ለእማማ ስንነግራቸው አላባበሉንም። ወደ መስኮቱ ጠርተው በእጃቸው የነበረውን ቀሚስ ገለበጡና ጀርባውን አሳዩን። «ፊቱን ባለቤቷ ታየዋለች፤ ጀርባውን የማየው እኔ ነኝ። ጀርባው ከተዝረከረከ ማንም ሳይነግረኝ እፈታዋለሁ፤ ጀርባው ካማረ ደግሞ ማንም ቢነቅፈው አልፈታውም» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ ያላነበበ ሰው እንዴት አድርጎ ነቀፈህ? እርሱ የተናገረው ስለ ራሱ እንጂ ስለ ሥራህ አይደለም። ሥራህ ደግ ነው ማለቴም አይደለም፤ ሂድና ቋጠሮውን ፍታ፤ አንተው ቀድመህ አንብበው» አሉን።

ፈትተን አነበብነው። እኩሌታው የማይረባ ሆኖ አገኘነው። ይህም ሐቅ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይልቅ ቢያምም፣ ከርሱ ይልቅ ጠቀመን።

እማማ በልጅነታቸው ከእናታቸው መርፌ መያዝ ተምረው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አራት ልጆች በዚያችው መርፌ አሳድገዋል። በወጣትነታቸው አንዲት ደንበኛ ለሠርግ ያዘዘችውን ቀሚስ ወስዳ፣ «ሥራው አላማረኝም» በማለት ሳትከፍል ለብሳው ዳረች። ከዚያ ወዲህ እኩሌታውን ዋጋ ሳይቀበሉ ክር አይቆርጡም ነበር። «ዋጋህን አስቀድመህ ተናገር፤ ኋላ ብትናገር ልመና ይመስላል» ይሉ ነበር። መምህርነቱን ትተን ለመጻፍ ብቻ እንኑር ባልን ጊዜም «የሚያበላህን ሥራ አትናቅ፤ የተራበ እጅ ይንቀጠቀጣል» ብለው ከለከሉን። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ሁለት የጎረቤት ልጃገረዶች መርፌያቸውን ክር ያገቡላቸው ነበር፤ ስለዚህም ገንዘብ በመክፈል ፈንታ ሙያውን ያስተምሯቸው ነበር።

አንድ ቀን ሬዲዮ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ሲያሰማ እማማ መርፌያቸውን አቁመው አዳመጡ። እኛም ስለ ባለ ዜማዋ የምናውቀውን ነገርናቸው። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ የተላኩ፣ በጠላት ወረራ ጊዜም ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ኢጣሊያ በግዞት የተወሰዱ ናቸው። እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከነጻነት በኋላ በመምህርነት እየሠሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ። እማሆይ ደግሞ በካይሮ ሙዚቃ ተምረው፣ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመቀጠል ዕድል አግኝተው ሳለ የመሄድ ፈቃድ ተከለከሉ። በኀዘን እህል እምቢ እስከ ማለት ደረሱ፤ በመጨረሻም መንነው ግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግር ኖሩ። ቆይተው ወደ ዜማቸው ተመለሱ፤ በፈረንጆች 1967 የመጀመሪያውን ሸክላ ጀርመን አገር አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች ልጆች ሰጡ።

ይህን ተርከን ስናበቃ፣ ጠቢብ የተናገርን መስሎን፣ «ባይከለከሉ ኖሮ ይህ ዜማ አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ መከልከላቸው ለበጎ ሆነ» አልን። እማማ ተቆጡ። «በሩን የዘጋውን ለምን ታመሰግናለህ? ያ የቀረው ትምህርት ምን ያፈራ እንደ ነበረ አንተ አይተኸዋል? ምስጋናው ለተመለሰችው እጅ ነው!» አሉን። እኛም አፈርን። መከራን የሚያሞግስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መከራው በሌላው ላይ የወደቀለት መሆኑን ያን ቀን ተረዳን።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የልደታ አሮጌ መንደር ለአዲስ ግንባታ ፈረሰ፤ በስፍራውም ፎቅ ተሠራ። እማማ ከከተማው ዳር በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ደርብ ላይ ቤት ደረሳቸው፤ የክርና የመርፌ ሣጥናቸውን ተሸክመን ያደረስነው እኛ ነን። ለመጨረሻ ጊዜ ስንጠይቃቸው ዓይናቸው ጨርሶ ነበር። ከሁለቱ ልጃገረዶች አንዷ የጠለፈችውን ቀሚስ በጭናቸው ዘርግተው ጀርባውን በጣታቸው ሲዳስሱ አገኘናቸው። «እዚህ ላይ ፍቺው» አሏት። ልጅቱም ሳትከራከር ፈታችው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዜናውን ስንሰማ እማማ ከሞቱ ስድስተኛ ዓመታቸው ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፤ እኛ ግን ዜማውን በሰማን ቁጥር ቆማ የነበረችው መርፌ ትታየናለች።

ልብ ወለዳችን ሁለት ጊዜ እንደገና ተጽፎ ታተመ፤ ብዙም አልተሸጠም። ቢሆንም ጀርባውን ገልብጠን ብናይ አናፍርበትም። መጻፍ የጀመራችሁ ተማሪዎችና መምህራን፣ ሥራችሁን ሌላው ከመንቀፉ በፊት እናንተው ፈትታችሁ እንድታዩት እንመክራችኋለን። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሹማምንትም፣ ነገ የአንድ ወጣት ጽሑፍ ከገበታችሁ ላይ ቢቀመጥ መቀበል ወይም አለመቀበል ሥልጣናችሁ ነው፤ እኛ የምንለምናችሁ ሲባጎውን እንድትፈቱት ብቻ ነው።