ገንቦ ውስጥ ያለው መድኃኒት

ባለቤቴ የስኳር በሽታ ካደረባት ቆይቷል። ካንጋተን ስንገባ የኦሞ ዳር ሙቀት ኢንሱሊኑን እንዳያበላሸው፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ገንቦ ውስጥ አኖርነው፤ ከጨርቁ የሚተነው ውሃ ያቀዘቅዘዋል።

መፅነሷን ያወቅነው ግን በ7ኛው ሳምንት ነው። የሕፃን ልብና አከርካሪ መልክ የሚይዘው በእነዚያው ሳምንታት ስለ ሆነ፣ ስኳሩን መግራት የነበረብን ከፅንሱ አስቀድሞ ኖሯል! አስተማሪ ነኝ ባዩ ይህን አለማወቄ ያሳፍረኛል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ስኳሯ ሌሊት እየወረደ፣ በላብ ተጠምቃ ስትነቃ ማር በውሃ በጥብጬ አጠጣት ነበር። ከ5ኛው ወር ወዲህ ደግሞ የመርፌው መጠን እየጨመረ ሄደ፤ ሐኪሙ እንደ ነገረን፣ የእንግዴ ልጁ ሆርሞን ኢንሱሊኑን ያደክመዋል። እንደ ወለደች ግን መጠኑ ወዲያው መቀነስ አለበት።

ጎረቤቶች «ያማረሽን ብዪ» ይሏታል። እሷ ገንፎዋን በጭልፋ እየለካች ትስቃለች። በሚመጣው ወር ለመውለድ ወደ ጂንካ እንወጣለን፤ ገንቦዋም አብራን ትሄዳለች።