የበቆሎው ኩባያ

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወጣት የብድር ማመልከቻ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ከወረቀቱ ጎን አንድ ኩባያ አስቀመጠ፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ሲዳስሱት ከተራው ፕላስቲክ የማይለይ።

«ከበቆሎ የተሠራ ነው፤ ይያዙት» አለኝ።

የእኔ ድርሻ መዝገቡን መርምሮ ለብድር ኮሚቴው አንድ ገጽ ማጠቃለያ መጻፍ ብቻ ነበር። ኩባያው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ግጥም እጽፍበት የነበረውን የሌሊት ሰዓት ለእርሱ ሰጥቼ ማንበብ ጀመርሁ።

ነገሩ ከእናቴ ጓዳ የራቀ አልነበረም። የበቆሎው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩን ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚያ የሚገኘው እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው ላክቲክ አሲድ ነው። አሲዱ እርስ በርሱ ሲያያዝ ውኃ ይለቃል፤ በመጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆኖ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቶቹ ሲከፈቱ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ይህ ሰንሰለት ፖሊስተር ነው፤ የለበስሁት ሸሚዝ የሩቅ ዘመድ። ውኃ እየለቀቀ የተያያዘው ነገር ውኃ ሲመለስበት ይፈታል።

ይህን መፈታት እንደ ነውር የቆጠረ ሰው ነበር። የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር ከዚሁ አሲድ ሰንሰለት ስለ መሥራት ጽፏል። ሆኖም በዚያን ጊዜ የሠራቸው ፖሊስተሮች በጥቂት ሙቀት የሚቀልጡ፣ ውኃ የሚፈታቸው ሆነው ስላገኛቸው ተዋቸውና ወደ ናይለን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1937፣ ገና በ41 ዓመቱ፣ ዓለም ናይለንን ሳይለብስ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ በብሌር ከተማ፣ ያንኑ ፖሊስተር ከበቆሎ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የያኔው ነውር የገበያ ማሞገሻ ሆኖ ነበር። (ግጥሞቼን የሚመልሱብኝ አዘጋጆችም ሰባ ዓመት ያህል ቢታገሡኝ እላለሁ።)

በማግስቱ የቢሯችንን ሻይ የሚያፈሉትን እናት በዚያ ኩባያ ትኩስ ሻይ እንዲቀዱልኝ ለመንኋቸው። ቀዱልኝ። ኩባያው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ወገቡ ላላ፤ እንደ ደከመው ሰው ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ።

«ውይ ልጄ፣ ይኼማ ሰም ነው!» አሉና ሻዩን ወደ ብርጭቆ ገለበጡልኝ።

ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፖሊስተር በ60 ዲግሪ ገደማ ይለዝባል። በቶሎ እንዲበሰብስ የሚያስፈልገውም ሙቀት ያው 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እርጥበትና ተሕዋስያን ባሉበት፣ ለዚሁ በተዘጋጀ የማብሰበሻ ሥፍራ። ሰንሰለቱ ሲለዝብ ውኃው ሰተት ብሎ ይገባበታል። ሻይ እንዲችል በክሪስታል መልክ ቢያጠነክሩት መበስበሱ ይዘገያል። ያለ ሙቀት፣ በተራ አፈር ውስጥ እንኳ የሚበሰብሱ፣ ባክቴሪያዎች ራሳቸው በአካላቸው ውስጥ የሚያከማቿቸው ሌሎች ፖሊስተሮች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ውድ ነው።

ማጠቃለያዬን ጻፍሁ። ኩባያው ትኩስ ነገር እንደማይችል ጻፍሁ። በማመልከቻው ውስጥ ያገለገለውን ኩባያ ማን ለይቶ እንደሚሰበስበው፣ የት በ60 ዲግሪ እንደሚበሰብስ አንድም ቃል እንደሌለ፣ ያለዚያ ግን መጨረሻው እንደ ማንኛውም ፕላስቲክ ከቆሻሻ ክምር ላይ መሆኑን ጻፍሁ። ብድሩ ተከለከለ። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነበር።

ነገር ግን ወጣቱ ለሻይ አልጠየቀም። ማመልከቻው በመጀመሪያው መስመር ለጁስ ቤቶች ይላል። ጁስ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሻዩን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ የተንጋደደው ኩባያ ዐይኔ ላይ ስለቀረ፣ ዐረፍተ ነገሩም ስላማረኝ፣ ከማጠቃለያው አናት ላይ አኖርሁት። ይህን ለኮሚቴው አልነገርሁም። ለወጣቱም አልነገርሁትም። ውሳኔውን ስሰጠው ደብዳቤውን በጥንቃቄ አጥፎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ። ኩባያውን አልጠየቀኝም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከደብረ ማርቆስ ድፎ ዳቦ ላከችልኝ። እንደ ወትሮው በኮባ ቅጠል ተጋግሮ፣ በኮባው እንደተጠቀለለ፣ ከላይ ደግሞ በፌስታል ታስሮ።

ስልክ ደውዬ «እማዬ፣ ፌስታሉ ለምን?» አልኋት።

«ኮባው ለዳቦው፣ ፌስታሉ ለመንገዱ አቧራ» አለችኝ።

በእነዚያ ሌሊቶች ካነበብሁት ሁሉ ያስደነቀኝ አንዱ ነገር የዕፅዋት ቅጠል ራሱ ፖሊስተር መልበሱ ነው። ኩቲን ይሉታል፤ ከሰም ጋር ተዋሕዶ የቅጠሉን ገጽ የሚሸፍነው፣ ውኃውን ከውስጥ የሚያቅበው ስስ ልባስ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦዋን የምትጋግረው ፖሊስተር በለበሰ ቅጠል ነው ማለት ነው። ብነግራት ትስቅብኛለች።

ዳቦው ሲያልቅ የኮባውን ቁራጭና የተንጋደደውን ኩባያ በረንዳዬ ላይ ካለችው የቡና ችግኝ ማሰሮ ውስጥ ጎን ለጎን ቀበርኋቸው። ባለፈው እሑድ፣ በአምስተኛው ወር፣ ቆፈርሁ። ከኮባው ጥቂት ቃጫ ብቻ ቀርቷል። ኩባያው እንዳለ ነው፤ የሻዩ መንጋደድ ሳይቀር።

አጥቤ ቢሮዬ ወስጄዋለሁ፤ አሁን እርሳሶቼን ይዟል። የወጣቱ ስልክ ቁጥር በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ።