የባንኮክ ፈገግታና የመታወቂያው ቃል

ለንግድም ይሁን ለሕክምና ባንኮክ የተመላለሰ ሐበሻ ስለ ታይላንድ ሲያወራ ሳያነሳው የማያልፈው ነገር አለ። ወንድ ተብለው ተወልደው በሴትነት የሚኖሩ፣ በአገሬው አጠራር «ካቶይ» የሚባሉ ሰዎች በየመዋቢያ ሱቁና በየምግብ ቤቱ ሥራቸውን ሲሠሩ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ሴት ንግግሯን በትሕትና ስትቋጭ «ካ»፣ ወንድ ደግሞ «ክራፕ» በሚልበት አገር፣ ካቶይዋ «ካ» ብላ ዕቃ ስትሸጥ የሚያርማት የለም። ወሬው ታዲያ «እዚያ አገር ችግር የለም» በሚል ያበቃል። እኔ ግን መንገደኛው ያየው መቻቻልን ነው፤ ተቀባይነት የሚታወቀው በወረቀት ላይ ነው እላለሁ።

በታይላንድ መታወቂያ ከስም በፊት የሚጻፈው «አቶ» ወይም «ወይዘሪት» የሚል መጠሪያ ሲወለዱ የተሰጠው ነው። ካቶይዋ በቀዶ ሕክምና ሰውነቷን ብታስለውጥ እንኳ በወረቀት «አቶ» ሆና ትቀራለች። ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቷን ስትዘረጋ መልኳና ሰነዷ አይገናኙም። ዕድሜዋ 21 ሲደርስ ደግሞ በየኤፕሪሉ በሚደረገው የውትድርና ምልመላ ከወንዶቹ ጋር ትሰለፋለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የአስተዳደር ፍርድ ቤት እስኪከለክል ድረስ ከውትድርና ነጻ የተደረጉ ካቶዮች ሰነድ ላይ «ቋሚ የአእምሮ ሕመም» የሚል ቃል ይጻፍ ነበር። ሥራ ቀጣሪ የሚጠይቀው ያንኑ ሰነድ ነው። መዋቢያ ሱቁ በሩን ሲከፍትላት፣ ቢሮው በአንዲት ሐረግ ይዘጋባት ነበር ማለት ነው።

«መቻቻልን አታናንቂ፤ ከመደብደብ ይሻላል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይሻላል። ነገር ግን ፈገግታ በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ ዛሬ የሰጠ ነገ ቢነፍግ ማን ይጠይቀዋል? «የሕጉ ጥያቄ ፈረንጅ ያመጣው ነው» የሚልም አለ። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በ2024 ያጸደቀው ግን የታይላንድ የራሷ ምክር ቤት ነው፤ ሴኔቱ በ130 ድጋፍና በ4 ተቃውሞ አሳልፎት ሕጉ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው 2024፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ መጠሪያን ለማስቀየር የሚፈቅደው ረቂቅ ወድቋል። ስለዚህ ካቶይዋ ዛሬ የምትወደውን ወንድ በሕግ ማግባት ትችላለች፤ የጋብቻ ወረቀቷ ግን ሁለት «አቶ» ተጋቡ ይላል።

«ባህላችን አይደለም፣ እኛን ምን አገባን?» ለሚለኝ ወገኔ መልሴ አጭር ነው። በሰው ኑሮ መስማማትና ሰውን ማክበር ይለያያሉ። በታይኛ «ካ» ወይም «ክራፕ» የሚለውን የሚመርጠው ተናጋሪው ስለ ራሱ ነው። በአማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብለን የምንወስነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ደግሞም ጾታ ሳይጠይቅ የሚያከብር «እርስዎ» የሚል ቃል ከአባቶቻችን ወርሰናል። ከባንኮክ ስትመለሱ ያያችሁትን ፈገግታ ብቻ አታውሩ፤ መታወቂያው ላይ ስለተጻፈውም ንገሩን። ስለዚያች ሻጭ ስታወሩም በአክብሮት ይሁን።