ይድረስ ለአባዬ፣ ከአቴንስ
አቴንስ፣ መስከረም 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድህ አባዬ፤

በስልክ «ሕዝቡ እንቢ ካለ መንግሥት እንዴት እሺ ይላል?» ብለህ የጠየቅኸኝን በሁለት ቃል የምመልሰው ስላልሆነ ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ግሪክ ከአበዳሪዎቿ ጋር ሳትስማማ ቀርታ ባንኮቹ ተዘጉ። ከማሽን በቀን 60 ዩሮ ብቻ፣ ወደ ውጭ መላክ ደግሞ ክልክል። ሐምሌ ላይ ገንዘብ ያልደረሰህ ለዚህ ነው፣ ረስቼህ እንዳይመስልህ። የምጦራቸው አሮጊት፣ ኪሪያ (እመቤት) የምላቸው፣ ካርድ የላቸውም። እንደሳቸው ላሉ ጡረተኞች አንዳንድ ቅርንጫፎች ተከፍተው 120 ዩሮ ሲሰጡ፣ እጃቸውን ይዤ ፀሐይ ላይ ተሰልፈናል።

ሰኔ 28፣ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ እሺ ወይም እንቢ ለማለት ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግም፣ ወደ ምርጫ ጣቢያው የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ድምፅ ስለሌለኝ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸው። እንቢ ብለው ወጡ። እንቢ ማለት እዚህ ታሪክ አለው፤ በ1933 ጥቅምት፣ ጣሊያን ገና አዲስ አበባ ላይ ሳለ፣ ሙሶሊኒ ግሪኮችን «ወታደሮቼን አስገቡ» ሲላቸው የሰጡት እንቢታ ዛሬም በየዓመቱ በዓል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲፕራስ ሕዝቡን ለድምፅ ሲጠራ ይህን አላሰበም አልልም።

61 ከመቶው እንቢ አለ፤ ሲንታግማ አደባባይ ተጨፈረ። በማግሥቱ የገንዘብ ሚኒስትሩ ቫሩፋኪስ ለቀቀ። በሳምንቱ ሲፕራስ ብራስልስ ላይ 17 ሰዓት ሲከራከር አድሮ፣ እስከ 86 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ሦስተኛ ብድር ሕዝቡ ከጣለው በከበደ ግዴታ ተቀብሎ ተመለሰ።

ብዙዎች ከዳን ይላሉ። እኔ ግን የተበላሸው ከጥያቄው ነው እላለሁ። የድምፅ ወረቀቱ የጠየቀው አበዳሪዎች ሰኔ 18 ያቀረቡትን ሰነድ ትቀበላላችሁ ወይ ብሎ ነው፤ ካልተቀበላችሁ ዩሮውን ትተዋላችሁ ወይ አላለም። አብዛኛው ሰው ደግሞ ዩሮውን ይፈልገዋል። ባንኮቹን በእግራቸው ያቆማቸው ገንዘብ በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፈቃድ የሚገኝ ነው፤ አበዳሪዎቹ መንግሥታትም የየራሳቸው መራጭ አላቸው፣ የአቴንስ ድምፅ የበርሊንን አይሽርም። ይህን ሲፕራስ ለሕዝቡ አስቀድሞ ሊነግር ይገባ ነበር። አለመናገሩን እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ከስምምነቱ በኋላ የሲፕራስ ፓርቲ ተሰነጠቀ፣ እሱም ነሐሴ 14 ሥልጣን ለቅቆ ምርጫ ጠራ። መስከረም 9 ራሱ አሸነፈ! እንቢታውን እናስከብራለን ብለው የተገነጠሉት ግን ፓርላማ ለመግባት የሚያስፈልገውን 3 ከመቶ እንኳ አላገኙም። ኪሪያም የመረጡት እሱኑ ነው። ጡረታዎን የሚቀንስብዎትን ሰው? ብላቸው፣ «ሌሎቹ ደስ እያላቸው ይቆርጡብኛል፤ ይኼ ቢያንስ እያፈረ ነው» አሉኝ። እሺ ያለው ልጃቸው ግን ከሰኔ ወዲህ እሑድ ምሳ መምጣት ትቷል።

ለመስቀል ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ጥቂት ዩሮ ልኬልሃለሁ። መጀመሪያ የግፊት መድኃኒትህን ግዛበት፣ የቤቱ ጣሪያ ይቆይ።

ልጅህ