«በቃኝ» ማለት አፍሬ…

ትከሻዬ አምስት ጊዜ ወልቋል። ስድስተኛው እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ፍቅሬ ደግሞ ጁዶ። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ቀኝ ትከሻ ነው። ምስኪኑ ትከሻዬ ለሁለት ጌታ መገዛት አቃተውና ይኸው አመፀ።

በየወጣት ማዕከሉና በየጂሙ ትግል የሚማረው፣ ጁዶ በሉት ጂዩ ጂትሱ፣ ስንቱ ልጅ እንደኔ ሕመሙን በሹራብ ሸፍኖ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የኔን ጉድ ባወራ ለአንዱ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ስሜን ግን አልናገርም። ደንበኞቼ ቢያውቁብኝ ነገ ምላጭ ይዤ ስቀርባቸው ወንበሩን ጥለው ነው የሚሮጡት።

ትግል ለኔ አዲስ አልነበረም። የአዲስ አበባ ልጅ ብሆንም ክረምት ክረምት አያቴ ዘንድ ገጠር ስለምላክ ከእረኞቹ ጋር ሣር ላይ እገጥም ነበር። እዚያ ሕጉ አጭር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ በቃ። በ2013 ዓ.ም. ሰፈራችን ያለው ክለብ ስገባ ታዲያ «ይኼንንማ በልጅነቴ ጨርሼዋለሁ» የሚል ጉራ ቢጤ ይዤ ነው የገባሁት።

አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን አስቀምጦ ታሪኩን ነገረን። ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ መምህር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1882 ነው። የስሙ ትርጉም «ለስላሳው መንገድ» ነው አለን። ለስላሳ! (ትከሻዬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?) ከዚያ በኋላ ጥለን እንነሳለን ስንል ሁለት ወር ሙሉ መውደቅ ብቻ ተማርን። አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ ወደ ጎን ተንከባለል፣ ምንጣፉን በሙሉ ክንድህ ምታ፣ እጅህን ግን ከቶ ወደ መሬት አትዘርጋ። ጃፓኖቹ «ኡኬሚ» ይሉታል። አንድ ጓደኛዬ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ መውደቅ ይማራል እንዴ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም ልቤ መጣል እንጂ መውደቅ ላይ አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዋጋዬን አገኘሁ። አንዱ ጎረምሳ ክንዴን ይዞ ጀርባውን አዙሮ ገባብኝና እንደ ጆንያ በትከሻው ላይ አሳለፈኝ። አየር ላይ እያለሁ ሁለቱ ወር ትምህርት ብን ብሎ ጠፋ። እጄን ዘረጋሁ። የሰውነቴ ክብደት በሙሉ በተዘረጋው መዳፌ ላይ አረፈና አንድ ነገር «ቋ!» አለ። ስነሳ ክንዴ የኔ አልነበረም። የትከሻዬ ክብነት ጠፍቶ እንደ ሳጥን ማዕዘን ሹል ብሏል፤ ከፊት ለፊት ደግሞ እንደ እንቁላል ያለ ነገር ተቀምጧል። ሕመሙን አልነግራችሁም። የደረሰበት ያውቀዋል፣ ያልደረሰበትም አይድረስበት።

እናቴ ወዴት እንደወሰደችኝ መቼም ይገባችኋል። ወጌሻ ዘንድ! የሰፈራችን እማማ በዘይት እያሹ፣ ስለ እህል ውድነት እያወሩ ሳለ ሳላስበው መለሱልኝ። እጃቸው ይባረክ። «ሦስት ሳምንት እንዳትነቀንቀው፤ ራጅም ተነሣ» አሉኝ። እናቴ በነጠላዋ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። ታዲያላችሁ፣ በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ። ሕመሙ ሲጠፋ እኔ «ዳንኩ» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ምንጣፉ ላይ ነበርኩ፤ ራጁንም አልተነሣሁ፣ ለአሰልጣኙም አልተነፈስኩ።

ሁለተኛው ጊዜ ስምንት ወር ቆይቶ መጣ፤ ያኔ መውደቅ እንኳን አላስፈለገም፣ ኮሌታ ለመያዝ ስንሻማ ክንዴን ወደ ኋላ ሳብ ቢያደርገኝ ወጣ። ሦስተኛው ደግሞ የሚያሳፍር ነው። ተኝቼ! እጄን ትራስ አድርጌ እንደተኛሁ ሌሊት ወልቆ ነቃሁ፤ ስንፈራገጥ ራሱ ተመልሶ ገባ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ሹራብ ስለብስ እንደ አሮጌ ሰው አንድ እጄን ቀድሜ በጥንቃቄ አስገባለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ የላዩን ብረት በግራ እጄ እይዛለሁ። ምንጣፉ ላይ ግን ጀግና ነኝ!

አራተኛው ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ክለባችን ውስጥ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ የነገሩትን የማይረሳ። የቀበቶ አስተሳሰር እንኳን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ወንድም ጋሼ» ነው የሚለኝ። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ፍቅረኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምድ ልታይ የመጣች ዕለት፣ ከሱ ጋር መሬት ላይ ተገናኘን። ልጁ ከላዬ ሆኖ ቀኝ ክንዴን አጥፎ፣ መዳፌን ወደ ሰማይ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ቸከለው። ልክ ፖሊስ «እጅ ወደ ላይ!» ሲል የሚያዝ ዓይነት። «ኡዴ ጋራሚ» ይሉታል። ቀስ ብሎ፣ እንደተማረው አድርጎ ነው የያዘኝ። አንዴ የወለቀ ትከሻ ደግሞ ከሁሉም የሚጠላው ይህንን አቀማመጥ ነው፤ ክንድ ከጎን ተከፍቶ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ አጥንቱ ወደ ፊት ሾልኮ ይወጣል።

ከኔ የሚጠበቀው በግራ እጄ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነበር። «በቃኝ» ማለት እኮ ነው! በዚህ ስፖርት ነውር የለውም፤ ሰው በቀን አሥር ጊዜ መታ መታ አድርጎ ስቆ ይነሣል። ልጁ ዓይኔን እያየ ጠበቀኝ። እኔ በር ላይ የቆመችውን እያየሁ ፈገግ አልኩ። «ቀጥል» አልኩት። ትንሽ ጨመረ።

«ቋ!»

ከኔ ይበልጥ የጮኸው እሱ ነው። ተንበርክኮ «ወንድም ጋሼ ይቅርታ፣ ይቅርታ» ሲል ትዝ ይለኛል። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? ምንም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድሮም የወለቀ ነው» ብለው ምን ነበረበት? ያን ብናገር ግን የደበቅኩት ሁሉ ሊወጣ ነው። ዝም አልኩ። ልጁ ሐሙስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣም። ስልኩን ብደውል አያነሣም።

ያኔ ራሴን የማጽናናበት ታሪክ ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ብራዚላዊውን ኤሊዮ ግሬሲን በዚሁ ቁልፍ ወንድም ሲይዘው፣ ግሬሲ ክንዱ እየተሰበረ እንኳን «በቃኝ» አላለም። ቁልፉም እስከዛሬ በአሸናፊው ስም «ኪሙራ» ተብሎ ይጠራል። ወንድ ማለት ይኼ ነው እያልኩ ነበር ለጓደኞቼ የማወራው። አንድ ነገር ግን እዘላለሁ። ግጥሚያው ያለቀው ከዳር የቆመ የገዛ ወንድሙ ፎጣ ወርውሮ ስላስቆመለት ነው። የኔን ፎጣ እንዲወረውር የፈረድኩበት ከላዬ ያለው ልጅ ነበር፤ እሱስ በምን ይወቀው?

የዚያን ዕለት እማማ ዘንድ ስሄድ አልነኩኝም። በጣታቸው ትከሻዬን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ከኔ እጅ አልፏል። አጥንቱስ ይገባል፤ የሚይዘው ነው የጠፋው። ሐኪም ዘንድ ሂድ» አሉኝ። ወጌሻ ሐኪም ጠል ነው የሚል ሰው ካለ እኚህን ሴት አያውቅም። ድንገተኛ ክፍል ራጅ አንስተው፣ መርፌ ወግተው መለሱልኝና «ስፔሻሊስት እይ» ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ታጥቦ አለቀ።

አምስተኛው በሥራ ቦታዬ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. የበዓል ዋዜማ ነው፤ ወረፋው ደጅ ደርሷል። አንድ ትልቅ ሰው ጢማቸውን እየላጨሁ፣ ምላጩን በቀኝ እጄ እንደያዝኩ መደርደሪያው ላይ ያለውን አልኮል ላወርድ ተንጠራራሁ። ሾልኮ ወጣ። ምላጩ እግራቸው አጠገብ ወደቀ። ከግማሽ ደቂቃ በፊት ያ ምላጭ ጉሮሯቸው ላይ ነበር! ሽማግሌው ግማሽ ጢማቸውን ይዘው ተነሡና «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ እኔ ግን ከሕመሙ ይልቅ የዚያ ግማሽ ደቂቃ ሐሳብ ነው ያንቀጠቀጠኝ። የቤቱ ባለቤት በማግስቱ ጠርቶ «ወይ ታከም፣ ወይ ወንበሩን ልቀቅ» አለኝ። ሰውየው ልክ ነው።

ስፔሻሊስቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስኒ አንስቶ ማስቀመጫውን ብቻ አሳየኝ። «የትከሻ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ አይደለም የሚቀመጠው፤ እንደዚህ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ነው። ከሰውነትህ መገጣጠሚያ ሁሉ እንደ ትከሻ የሚዞር የለም፣ እንደሱ የሚወልቅም የለም» አለኝ። ሳህኑን ዙሪያውን እንደ ጎማ ያለ ጠርዝ ይከበዋል፤ ጅማቶቹ እዚያ ላይ ይያያዛሉ። የመጀመሪያው ውልቃት ጊዜ ያ ጠርዝ ተቀድዷል። ጅማቱም በየጊዜው እየተሳበ እንደ አሮጌ ካልሲ ላስቲክ ላልቷል። ሕመሙ በአሥር ቀን ጠፋ ማለት ጠርዙ ተሰፋ ማለት አልነበረም! በተለይ በሃያዎቹ መጀመሪያና ከዚያ በታች ያለ ስፖርተኛ አንዴ ከወለቀበት እንደገና የመውለቁ ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሆነ ነገረኝ። «የመጀመሪያው ቀን ብትመጣ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቀኝ፤ ከትከሻዬ በታች በውጭ በኩል ያለውን ቆዳ በጥጥ እየነካ «ይሰማሃል?» አለኝ። እዚያ የሚያልፍ ነርቭ አለና ክንድ በግድ ሲጎተት ይጎዳል። ሂፖክራተስ የሚባለው የግሪኩ የጥንት ሐኪም ተረከዙን ብብት ውስጥ ተክሎ ክንድ እየጎተተ ይመልስ፣ ደጋግሞ ለሚወልቀውም በጋለ ብረት ይተኩስ እንደነበር አንብቤያለሁ። እኛ ክለብ ውስጥ ግን ሂፖክራተስ የሌለው ማን አለ? «ቆይ እኔ ላግባልህ» የሚል ጎረምሳ ሞልቷል። እባካችሁ፣ ጓደኛችሁ ክንዳችሁን እንዳይጎትት! ባለበት አቀማመጥ በሻርፕ አስራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ አጥንት ተሰንጥቆ እንደሆነ የሚያውቀው ራጅ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ላስቲክ ግድግዳ ላይ አስሬ ስጎትት፣ የትከሻዬን የጀርባ ጡንቻዎች ሳጠነክር አራት ወር ሠራሁ። ለሥራዬ በጣም ጠቀመኝ። አሁን ከፍ ያለች ዱካ አለችኝ፤ እሷ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የደንበኛውን ወንበር ዝቅ አድርጌ፣ ክንዴን ከደረቴ ሳላርቅ ነው ቶንዶስ የምይዘው። ለትግል ግን ላስቲክ አልበቃም። ኤም አር አዩ የተቀደደውን ጠርዝ አሳይቷል፤ ዶክተሩ ወደ ምንጣፍ ለመመለስ ከፈለግኩ ቀዶ ጥገና ነው ብሎኛል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ክንዴ ይታሰራል፤ ስድስት ወር ያህል ትግል የለም፤ «ከዚያም በኋላ ዋስትና አልሰጥህም» ብሎኛል።

ስድስት ሳምንት ያለ መቀስ! ሐኪሙ ይህን ሲናገር ቀላል ነው። እናቴ የምትኖረው በኔ እጅ ነው። የእቁባችንን ሰብሳቢ ለምኜ፣ አባላቱም ፈቅደውልኝ የሚቀጥለው ዕጣ ያለ ዕጣ ለኔ ሆኗል። ፍቅረኛዬ «ለሥራህ ስትል ታከም፤ ጁዶውን ግን ተወው» ትለኛለች። እኔ ገና አልመለስኩላትም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሕፃን ስላጭ በሩ ተከፈተ። ያ ልጅ ነው። ሃያ ሞልቶት ቁመቱ ከኔ በልጧል። ወረፋውን ጠብቆ ተቀመጠ፤ ፎጣውን አንገቱ ላይ ሳስር እጄ መንቀጥቀጡን በመስተዋት አይቶብኛል።

«ትከሻህስ፣ ወንድም ጋሼ?» አለኝ።

«ካንተ በፊት ሦስት ጊዜ ወልቋል» አልኩት። «ካንተ በኋላም አንዴ። ያን ቀን መንገር ነበረብኝ።»

በመስተዋቱ ብዙ አየኝ። ቶንዶሱ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«ሦስት ጊዜ?» አለ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ሰው ነክቼ አላውቅም። ኳስ ነው የምጫወተው፣ በረኛ።»

«ትመለሳለህ?»

«አይ፣ አልመለስም» አለና ከጆሮው በላይ ያለውን አሳየኝ። «እዚህ ጋ ትንሽ ዝቅ አድርገው።»

ዝቅ አደረግኩለት። ሒሳቡን አልቀበልም ብለው ብሩን መደርደሪያው ላይ፣ ዱካዬ ላይ ሆኜ ከማልደርስበት ቦታ አስቀምጦልኝ ወጣ።