ለትልቁ ፈተና ስለ መዘጋጀት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ ወደዚያ የሚገቡት ተማሪዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በደቡቡ እንኳ ቡሌ ሆራና ያቤሎ የየራሳቸው ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ይሁን እንጂ በነገሌ ቦረና የሚማር ልጅ የት መግባት እንደሚመኝ ቢጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው «አዲስ አበባ» ብሎ ነው። ምኞቱን አልነቅፍም። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው፤ መንገድ ስልም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የአውቶቡስ ጉዞ ማለቴ አይደለም።

በዚህች ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃ እንዲቀር ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ተፈተኑ፤ ወደ 900,000 ከሚጠጉትም ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በሚከተለውም ዓመት 3.2 ከመቶ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ፍለጋ ተነሣ፤ ወላጅ መምህሩን፣ መምህር ተማሪውን፣ ተማሪም ፈተናውን ወቀሰ። ኩረጃው መቅረቱ ተገቢ ነበር እላለሁ። ነገር ግን በክፍሌ ውስጥ በየቀኑ የማየው ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም የቋንቋ ነገር ነው። ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር በመጽሐፉ ላይ ሲያገኘው እንደ እንግዳ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ቀን ስለ ሥራና ስለ ኃይል ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። ዘወትር ጧት 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ናት። «መምህር፣ ጀሪካኑን ይዤ በሜዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ብሄድ፣ የመሬትን ስበት ተቋቁሜ የሠራሁት ሥራ ባዶ ነው ይላል መጽሐፉ። ይህን የጻፈው ሰው ውሃ ቀድቶ ያውቃል?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛው «ወርክ» በገበያ አንድ፣ በፊዚክስ ሌላ ፍች እንዳለው አስረዳሁ። ቀጥዬም የቦረናን ኤላ አነሣሁ፤ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ በእጅ ወደ ላይ የሚያቀብሉበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። 20 ኪሎ ውሃ 10 ሜትር ወደ ላይ ቢነሣ 2,000 ጁል ያህል ሥራ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ስሌት ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

በማግስቱ ልጅቱ አንድ ደብተር ይዛ መጣች። በገጹ ላይ የእንግሊዝኛው ቃል፣ አጠገቡ የኦሮምኛው ፍች፣ ከዚያ በታች ከቤቷ የተገኘ ምሳሌ ተጽፎአል። ሌሎች አምስት ልጆች ተጨመሩና ማታ ማታ አብረው ማጥናት ጀመሩ። እያንዳንዱም የሚደፍረውን ትምህርት ለሌሎቹ ያስተምር ነበር። የድሮ ፈተና ሲሠሩ የመልሱን ፊደል መሸምደድ በመካከላቸው ክልክል ነበር፤ ትክክለኛውን የመረጠ ልጅ የቀሩት ሦስቱ ስለ ምን ስሕተት እንደ ሆኑ መናገር አለበት። (አንዳንድ ጊዜ እኔንም እንዲሁ ያፋጥጡኝ ነበር።) አንተ በ9ኛ ክፍል ያለህ ልጅ፣ 12ኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ይህን ሥራ አታቆየው፤ ያን ጊዜ ቃሉንና ነገሩን ባንድ ጊዜ መማር ይሆንብሃል።

ወራቱ ግን ክፉ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በቦረና ምድር የዝናም ወራት አምስት ጊዜ በተከታታይ ከሸፈ፤ ከብቱም አለቀ። የልጅቱ አባት አንዲት ላም ብቻ ቀረቻቸው። ዘመዶቻቸው «ላሟን ሸጠህ ልጅቱን ሐዋሳ ላካት፤ ማጠናከሪያ ትማር» ብለው መከሯቸው። እርሳቸውም ወደ እኔ መጥተው «መምህር፣ ላሟን ብሸጥ ልጄ ታልፋለች?» አሉኝ።

እንዲህ ላለው ጥያቄ እሺ ብሎ ዋስ የሚሆን መምህር የሰው ላም የሚያስበላ ነው። «ማንም ይህን ሊያውቅ አይችልም፣ አባቴ» አልኋቸው። ልጅቱ ከአጠገባቸው ቆማ ነበረችና «ላሟ ትቅር፤ ለታናናሾቼ ወተት ትሆናለች። የሐዋሳው መጽሐፍ እዚህም አለ፤ እዚያ አብረውኝ የሚያነቡ ጓደኞች ግን የሉኝም» አለች። አባቷ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ላሟን ይዘው ቆዩ።

በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከስድስቱ ሁለቱ አለፉ፤ እርሷና አንድ ወንድ ልጅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይመርጣልና፣ ሁለቱም ይህን ፈተና ወሰዱ። ልጁ ገባ። እርሷ አልደረሰላትም፤ አሁን ቡሌ ሆራ ትማራለች። የአዲስ አበባው ነገር ሲነሣ ዛሬም ፊቷ ይለወጣል፤ እኔም አላጽናናትም፣ ሐዘኑ የራሷ ነውና። ከቀሩት አራቱ ሦስቱ ሪሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ገቡ፤ አንዱ በገበያ ጨውና ስኳር ይሸጣል።

ደብተሩ ያለው እርሱ ዘንድ ነው። ለ9ኛ ክፍል ልጆች በተራ ያውሳቸዋል። ባለፈው ሰሞን ወደ ሱቁ ጎራ ብዬ ስገልጠው፣ የልጅቱ የኦሮምኛ ፍች በብዙ ቦታ ተሰርዞ በላዩ ላይ በሌላ ሰው እጅ የተሻለ ቃል ተጽፎበት አገኘሁ።